የአንድ የምስል ፎርማት ጠበቃነቴን ስለ መተዌ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




ባለፉት ዓመታት በዚህ ጉባኤ ላይ ለመናገር በተነሣሁ ቁጥር ስለ ምን እንደምናገር ገና አፌን ሳልከፍት ታውቁ ነበር። «ዛሬም ስለ ዴዣቩ ሊነግረን ነው» እየተባባላችሁ ፈገግ ስትሉ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ አንድን ነገር ከልክ በላይ የሚወድ ሰው ለወዳጆቹ መሣቂያ መሆኑ ያለ ነው። ዛሬም የምናገረው ስለዚያው ነገር ነው። እስከ አሁን ግን የቆምኩት «ተቀበሉልኝ» ለማለት ነበር፤ ዛሬ የቆምኩት ጠበቃነቴን በይፋ ለመተውና የተውኩበትን ምክንያት ለመግለጽ ነው። ምክንያቱም የሌላ ሰው መዝገብ በአደራ ለያዘ ባልደረባ ሁሉ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

ለማኅበራችን አዲስ ለሆኑ አባላት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዴዣቩ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጓሜው «አስቀድሞ የታየ» ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው የምስል ፎርማት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ በኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ማዕከል፥ ያን ለኩን፥ ሌዮን ቦቱ፥ ፓትሪክ ሃፍነርና ሌሎች ባልደረቦቻቸው የሠሩት ነው። ዓላማው የመጻሕፍትና የሰነዶች ገጽ በስካነር ተነሥቶ በኢንተርኔት በቀላሉ እንዲተላለፍ ማድረግ ነበር። አሠራሩን በእኛው አገር ምሳሌ ለመግለጽ፥ አንድ የብራና ገጽ ሁለት ነገር አለው፤ ብራናውና ቀለሙ። ብራናው ሰፊ፥ ለስላሳና ቀስ እያለ የሚለዋወጥ ስለሆነ ሻካራ በሆነ ምስል ቢቀመጥ ዐይን አይጎዳውም። ጽሕፈቱ ግን ጥርት ብሎ ሊቀመጥ ይገባዋል። ዴዣቩ እነዚህን ሁለቱን ይለያያል፤ ብራናውን በአነስተኛ ጥራት፥ ጽሕፈቱን በከፍተኛ ጥራት ያስቀምጣል። ከዚህም በላይ በጽሕፈቱ ውስጥ ተመሳሳይ ቅርጾችን ሲያገኝ አንዱን ብቻ በመዝገቡ ይይዝና የቀሩትን «በዚህ ቦታ ያው ቅርጽ አለ» እያለ ያልፋቸዋል።

የዚህ ብልሃት ውጤት እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። አንድ መደበኛ የጽሕፈት ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ በቀለም ሲነሣ ጥሬው ምስል 26 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ዴዣቩ ያንኑ ገጽ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎባይት በታች ያደርሰዋል። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. መሆኑ ይታወቃል፤ በዚያን ዘመን ግንኙነቱ በስልክ መስመር ስለ ነበር መስመሩ ባይቋረጥ እንኳ ጥሬውን ምስል ለመቀበል አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልግ ነበር። ለዴዣቩ ግን ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ሰኮንድ ይበቃው ነበር። ከአዲስ አበባ ርቆ የሚሠራ የመዝገብ ሰው ይህን አይቶ ቢወደው የሚፈረድበት አይመስለኝም። እኔም ወደድኩት። የሥልጠና ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ፕሮግራሙን በሲዲ እየገለበጥኩ አደልኩ፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ያንን ሲዲ ተቀብላችሁኛል።

ወደ ሉማሜው ሥራ የምመጣው እዚህ ላይ ነው። ሉማሜ፥ ዐባይን ተሻግሮ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ2001 ዓ.ም. በዚያች ከተማ፥ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት፥ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ 400 ገጽ ያህል ያለው የቆየ የግብር መዝገብ ተገኘ። በጎጃም የመሬትና የግብር ነገር እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ በክፍለ ሀገሩ ዐመፅ መነሣቱ የሚታወስ ነው። ማን ከፈለ፥ ማን አልከፈለም፥ የማን አባት በየትኛው አጥቢያ ተመዘገበ የሚለው ነገር ለታሪክ ጸሐፊም ለቤተ ዘመድም ትልቅ ዋጋ አለው። መዝገቡ ግን ጠርዙ ተበልቶ፥ ወረቀቱ ተሰባብሮ ነበር። ስለዚህ ስካነሬን ይዤ ሄድኩና በሦስት ሳምንት ውስጥ ገጹን ሁሉ አነሣሁት።

ጥሬዎቹ ምስሎች በድምሩ ከ10 ጊጋባይት በላይ ሆኑ፤ ይኸውም ዐሥራ አምስት ሲዲ ማለት ነው። በዴዣቩ ግን መዝገቡ በሙሉ በአንድ ሲዲ ጥግ ላይ ገባ። የነበረኝ የኮምፒዩተር ማኅደር ጠባብ ስለ ነበር፥ በፎርማቱም ፍጹም እምነት ስለ ነበረኝ፥ ጥሬዎቹን ምስሎች ደመሰስኩ። ፋይሉ ይበልጥ እንዲያንስም ተቀራራቢ ቅርጾችን እንደ አንድ የሚቆጥረውን አማራጭ መረጥኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልገፋፋኝም። ከጥቂት ክረምት በኋላ ጣራው አፍስሶ ዋናው መዝገብ እንደማይነበብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከመዝገቡ የቀረው የእኔ ሲዲ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ደረሱብኝ። የመጀመሪያው፥ ፎርማቱ በዓለም ላይ ተቀባይነት እያጣ መሄዱ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዴዣቩን በብራውዘር ለማየት ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ያስፈልግ ነበር። ፎርማቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሊዛርድቴክ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ፤ ምንም እንኳ ቦቱና ጓደኞቹ ዴዣቩሊብር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ቢያዘጋጁ፥ ተራው ተጠቃሚ እስከ እርሱ ድረስ አልሄደም። ፒዲኤፍ ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ቆይቶ ነበር፤ ማንበቢያው በነጻ ይታደላል፥ ከጽሕፈት ፕሮግራም በቀጥታ ይወጣል፥ በማተሚያ መኪና ሁሉ ይታተማል። እንዲያውም ቆየት ብሎ ዴዣቩ ያሳየውን ዓይነት የመጭመቂያ ብልሃት እርሱም በውስጡ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፒዲኤፍ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ክሮም፥ በ2017 ደግሞ ፋየርፎክስ፥ እንደ ዴዣቩ ማንበቢያ ያሉትን የቆዩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች መቀበል አቆሙ። በመካከሉ፥ በ2016፥ ብዙ መጻሕፍትን በዴዣቩ ያቀርብ የነበረው ኢንተርኔት አርካይቭ አዲስ የዴዣቩ ፋይል ማዘጋጀቱን ተወ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፥ ይህ ሁሉ የሆነው ፎርማቱ መጥፎ ስለ ነበረ አለመሆኑን ነው። ከሠሪዎቹ መካከል ያን ለኩን፥ ስለ ፎርማቱ በተጻፈው ጥናት ላይ አብሮ የፈረመው ዮሹዋ ቤንጂዮም፥ በሌላ ሥራቸው የእ.ኤ.አ. 2018ን የቱሪንግ ሽልማት የተቀበሉ ሊቃውንት ናቸው። የሠሪው ሊቅነት ግን ለሥራው አንባቢ አይወልድለትም። አባቶቻችን «አንድ እንጨት አይነድም፥ አንድ ሰው አይፈርድም» ይላሉ። ፎርማትም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ እጅ ካልያዘው ምንም ያህል ቢበልጥ ብቻውን አይነድም።

ይህን በአኀዝና በዓመት ሳየው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ክብደቱ የተሰማኝ ከአዋበል አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር በመጡ ጊዜ ነው። የአባታቸውን ስም በመዝገቡ ውስጥ ለማየት ፈልገው ነበር። ፋይሉን ለልጁ ሰጠሁት። ልጁ በስልኩ ሞከረ፤ አልተከፈተም። በከተማው ውስጥ ኮምፒዩተር ወዳለበት ቤት ሄደው ሞከሩ፤ አልተከፈተም። በማግስቱ ተመልሰው መጡና ሽማግሌው፥ «የኔ ልጅ፥ አለ ያልኸው መዝገብ የታለ?» አሉኝ። በራሴ ኮምፒዩተር ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ነገር ግን መልሴ እኔ በሕይወት እስካለሁ፥ ያ ኮምፒዩተርም እስከ ሠራ ድረስ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን በዚያች ሰዓት ተረዳሁት።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2013 ዳቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ፥ አንዳንድ የዜሮክስ ማባዣ መኪናዎች ሰነድ ስካን ሲያደርጉ በውስጡ ያለውን ቁጥር እንደሚለውጡ አጋለጠ። በአንድ የሕንፃ ንድፍ ላይ የክፍሎች ስፋት ተለውጦ ተገኘ፤ በሌላም 6 የነበረው 8 ሆነ። ምክንያቱ ጄቢግ 2 የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ ተቀራራቢ ቅርጾችን እንደ አንድ ቆጥሮ አንዱን በሌላው ቦታ መተካቱ ነበር። ዜናውን ስሰማ ልቤ ደነገጠ፤ እኔ በሉማሜ መዝገብ ላይ የመረጥኩት አማራጭ የዚሁ ዘዴ የቅርብ ዘመድ ነውና።

ሲዲውን አውጥቼ ገጾቹን በአጉሊ መነጽር ያህል አጉልቼ መረመርኩ። በዐሥራ ሰባተኛው ገጽ የከተማይቱ ስም «ለማሜ» ይላል። በመጀመሪያ የጸሐፊው ስሕተት መሰለኝ። ዳሩ ግን በዚያው ገጽ ያሉትን «ለ» ፊደሎች ሁሉ ሳስተያይ፥ በሁሉም ግራ እግር ላይ በአንድ ቦታ ያረፈች አንዲት የቀለም ነጠብጣብ አገኘሁ። የጽሕፈት መኪና በየምቱ እንዲህ አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ሊያሳርፍ አይችልም። አንዱ «ለ» በመዝገበ ቅርጹ ገብቶ በሌሎቹ ሁሉ ቦታ ተተክቷል፤ ቅጥያው የደበዘዘው «ሉ»ም እንደ «ለ» ተቆጥሯል። «ከፈሉ» የነበረው ስንት ቦታ «ከፈለ» እንደ ሆነ፥ ስንት የሰው ስም እንደ ተለወጠ ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። የሚመሳከርበት ወረቀት የለም፤ የሚመሳከርበትን ጥሬ ምስልም የደመሰስኩት እኔ ነኝ።

ክቡራን ባልደረቦች፥ ይህ ጉዳት ከላቲን ጽሕፈት ይልቅ የእኛን ፊደል የሚያጠቃበት ምክንያት አለ። ላቲኑ በትልቁና በትንሹ ቅርጽ ቢቈጠር 52 ነው። የእኛ 33 ሆሄያት በሰባት ቤት ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይጨመሩ ማለት ነው። ግዕዙን ከካዕቡ፥ ካዕቡን ከሣልሱ የምትለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ናት። በጽሕፈት መኪና ሥራ ደግሞ ያቺ ጭረት ብዙ ጊዜ ለብቻዋ በሌላ ምት የምትጨመር ስለ ነበረች ደብዝዛ ትገኛለች። ለማሽኑ ያቺ ጭረት አቧራ ናት፤ ለእኛ ግን አድራጊው አንድ ሰው ይሁን ብዙ የምንለይባት ናት። ስለዚህ ለሌላ ፊደል ተፈትኖ የተመሰገነ ዘዴ ሁሉ ለእኛም ይበጃል ብሎ መቀበል አይገባም ነበር። ይህን ከማንም በፊት ማሰብ የነበረብኝ ፊደል ቈጥሬ ያደግሁት እኔ ነበርኩ።

አንድ ሌላ ነገርም ማሰብ ነበረብኝ፤ ምሳሌው በእጃችን ነበርና። የአማርኛ ጽሕፈት ወደ ኮምፒዩተር የገባ ሰሞን እያንዳንዱ የፕሮግራም አዘጋጅ ለፊደሎቹ የየራሱን የቁጥር ሥርዓት ሰጥቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ቢሮ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ሁላችንም «የእኔ ይበልጣል» እያልን እንከራከር ነበር። ክርክሩን ያበረደው ከመካከላቸው አንዱ አሸንፎ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በመግባቱና ቀስ በቀስ ሁሉም ወደዚያ በመሰብሰቡ ነው። ስምምነቱ ከብልጫው በለጠ ማለት ነው።

ከዚያም በፊት የነበረውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ ቅጂውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አስቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙውን ዘመናቸውን ያንን በመዘርዘር አሳልፈዋል። ፊልም ብልሃት የለውም፤ ለማንበብ የሚጠይቀው ብርሃንና መስተዋት ብቻ ነው። አስቀያሚ ነው፥ ጥቁርና ነጭ ነው፥ ቦታ ይይዛል። ነገር ግን ያላየውን ፊደል አይጽፍም።

እንግዲህ ጠበቃነቴን መተዌ ይህን ለማለት ነው። ዴዣቩን አልረግመውም። ዛሬም የሚገለገሉበት አሉ፤ ዊኪሚዲያ ኮመንስም ይቀበለዋል፤ የሠሪዎቹም ጥበብ የሚደነቅ ሆኖ ይኖራል። ተቀራራቢ ቅርጾችን የማይተካው አማራጭም በውስጡ ነበረ፤ ያልመረጥኩት እኔ ነኝ። የተውኩት የባለአደራነትና የጠበቃነት ሥራ በአንድ ሰው ላይ አብረው እንደማይቆሙ ስለ ተረዳሁ ነው። ጠበቃ የወገነለትን ነገር መልካም ጎን ይፈልጋል፤ ባለአደራ ግን የሚያጠፋበትን መንገድ አስቀድሞ መፈለግ አለበት። እኔ ለሰባት ዓመት ያህል ስለ ፋይሉ ማነስ ስናገር አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ገጽ ከዋናው ጋር ቃል በቃል አመሳክሬ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ከእኔ ሲዲ የተቀበላችሁ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። አንደኛ፥ በዴዣቩ ያስቀመጣችሁትን ማንበቢያው ፕሮግራም ዛሬ ሳለ ወደ ፒዲኤፍ መልሱት፤ ነገ የሚሉት ቀን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አይታመንም። ሁለተኛ፥ ወደ ፊት ስታነሡ ጥሬውን ምስል ምንም ባልተቀነሰበት የቲፍ ፋይል አስቀምጡ፤ የማኅደር ዋጋ ከያኔው ይልቅ እጅግ ረክሷል፤ ለአንባቢ የምትሰጡትም በማንኛውም ስልክ የሚከፈት ይሁን። ሦስተኛ፥ ስምና ቁጥር ያለበትን ገጽ ከዋናው ጋር ሳታመሳክሩ ምንም ነገር አትደምስሱ፤ ከተመሳከረም በኋላ ወረቀቱን አትጣሉት።

የሉማሜውን መዝገብ በሚመለከት፥ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ጨምሬበታለሁ። ምስሉ እንዴት እንደ ተሠራ፥ ፊደላት ሊለወጡበት እንደሚችሉና ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በግልጽ ተጽፏል። ለሽማግሌውም ፒዲኤፍ ቅጂውን በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ጭኜላቸዋለሁ። የአባታቸውን ስም አግኝተውታል፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቃል «ከፈለ» ይላል። «እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። በሥራ ዘመኔ ከሰጠሁት መልስ ሁሉ የከበደኝ ያ ነው።