ለስኳር የምንጠጣው ሁሉ መድኃኒት ነው ወይ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ስኳር በሽታ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ወጪና ገቢን ከደረሰኝ ጋር ማመሳከር ነው። ነገር ግን ጉዳዩ በቤቴ የደረሰ ስለሆነ፣ ያየሁትን የጤና ጣቢያ ሲስተሮች ካስተማሩኝ ጋር አድርጌ ልንገራችሁ። እናቴም እዚሁ አብራን ተቀምጣለች፤ የምናገረውን ሁሉ ፈቅዳልኛለች።

የዓለም የስኳር በሽታ ቀን በፈረንጆች ኖቬምበር 14 ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 5 ላይ ይውላል፤ የሰፈራችን የቁስቋም ማርያም በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ቀኑ የተመረጠው ኢንሱሊንን ካገኙት ሰዎች አንዱ የካናዳዊው ሐኪም የፍሬድሪክ ባንቲንግ ልደት ስለሆነ ነው። የእኛም ቤት መከራ የጀመረው በዚሁ በዓል ሰሞን ነው።

እናቴ ስኳር እንዳለባት ካወቀች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን ትውጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጎረቤታችን በቅን ልቦና «ኪኒን ኩላሊት ይጎዳል፤ እኔን የረዳኝ ይኼ ነው» ብላ የተዘፈዘፈ አብሽ አመጣችላት። ቀጥሎ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ቀጥሎ የግራዋ ጭማቂ መጣ። የሽፈራውን ዱቄት ከሽሮ ሜዳ ገዝቼ ያመጣሁት ግን እኔው ራሴ ነኝ። መሥሪያ ቤት ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አላወጣም፤ ለእናቴ የምትጠጣውን ስገዛ ግን «ይህን ማን አረጋገጠው?» ብዬ አልጠየቅሁም።

እናቴ «ቀለል ብሎኛል» ስትል ደስ አለን። ኪኒኑን መጀመሪያ በግማሽ ቀነሰችው፣ ኋላም ጭራሹን ተወችው፤ ማናችንም አላወቅንም። ለቁስቋም ንግሥ አዲስ ጫማ አድርጋ ወጣች። ጫማው ጣቷን ልጦት ነበር፤ ስኳሩ እግሯን ስላደነዘዘው ግን አልተሰማትም። ያየነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ነው። ጤና ጣቢያ በባዶ ሆዷ ስትለካ 380 ሆነ። ሆስፒታል ተላከች፤ አንድ የእግር ጣቷ ተቆረጠ። የሦስት ወር ኪኒን ሳይነካ ሣጥኗ ውስጥ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። «እማዬ፣ ለምን ሳትነግሪን?» ስላት «ሲስተሯ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እውነት ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ የስኳር መለኪያ ገዛሁና ደብተር አሰመርኩ፦ ቀን፣ የጠዋት ልክ፣ ኪኒን፣ የተበላ፣ የተጠጣ። በየወሩ መጨረሻ እንደ መሥሪያ ቤት ሒሳብ እዘጋዋለሁ። የአንድ ሰው ደብተር ጥናት አይደለም፤ ለእኛ ግን ዓይናችንን ገለጠልን። ኪኒኗን በሰዓቱ ወስዳ እንጀራውን በቀነሰችበት ሳምንት ቁጥሩ ይወርዳል። አብሽ ጠጣች አልጠጣች፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየንም። አዝሙዱን በማር የወሰደች ቀን ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንለካ ከፍ ይላል።

ታዲያ ያኔ «ቀለል ብሎኛል» ያለችው ምን ነበር? ስንነጋገር ነገሩ ወጣ። አብሹን በጀመረች ሰሞን የሻይ ስኳርና ለስላሳ መጠጥም ትታ ነበር። ሥራውን የሠራው ስኳሩን መተዉ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን አብሹ ነው።

አሁን ብዙዎቻችን ቤት ያሉትን አንድ በአንድ ልጥቀስ።

አብሽ የሚያዝለው ነገር በውስጡ ስላለ፣ ከምግብ የሚገኘው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ሊያዘገይ ይችላል። ስኳርን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያመለከቱ ትንንሽ ጥናቶችም አሉ። ግን በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል።

ሽፈራው በኮንሶና በጋሞ ከጥንት ጀምሮ የሚበላ ጥሩ ጎመን ነው። ምግብ መሆኑ ግን ኪኒንን ይተካል ማለት አይደለም፤ በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ገና ስስ ነው።

ማር ማር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ ወደ 17 ግራም ስኳር አለ። ንብ ስለሠራችው ደማችን አይለየውም። ቴምርም እንዲሁ ነው። በሶና አጥሚትም ስኳር ባይጨመርባቸው እንኳ እህል ናቸው፤ ሆድ ገብተው ወደ ስኳር ይለወጣሉ።

ግራዋን የምናምነው ስለሚመር ይመስለኛል፤ መራራው ጣፋጩን ያጠፋዋል ብለን። ነገር ግን ጣዕም ምላስ ላይ ነው የሚቀረው። በደም ውስጥ ያለ ስኳር በመራራ አይሸነፍም።

ቅጠል ጠል ነኝ እንዳትሉኝ። እናቴ የምትውጠው ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው አውሮፓ ውስጥ የሚበቅል ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው። ተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ስኳርን ቢያወርድም መርዛማ ነበር። ሊቃውንት የእሱን ዘመድ በላቦራቶሪ ሠሩ፤ ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን ያሳወቀው በፈረንጆች 1957 ነው። በቅጠሉና በኪኒኑ መካከል ያለው ልዩነት ልኩ መታወቁና በብዙ ሰው ላይ መፈተኑ ነው።

ስለ ኩላሊትም ሲስተሮቹን ጠይቄ ነበር። ኩላሊትን የሚጎዳው ሳይቆጣጠሩት የቆየ ስኳር ነው አሉኝ። ኩላሊቱ አስቀድሞ ለተዳከመ ሰው ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን ይቀንሳል ወይም ይለውጣል፤ ለዚህ ነው ምርመራ የሚያዝዙት።

እንግዲህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው።

ኪኒን ወይም መርፌ በራሳችሁ አታቁሙ። በተለይ ከልጅነቱ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዳያቋርጥ። በ1914 ዓ.ም. ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ነበር።

ቤት የምትጠጡትን ነገር ለሲስተሯ ንገሩ፤ ዱቄቱን ከነፌስታሉ ይዛችሁ ሂዱ። ብትቆጣም ቁጣው ያልፋል፤ የእናቴ ጣት ግን አልተመለሰም።

ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ጠይቁ። ማታ ማታ እግራችሁን እዩ፤ ዓይናችሁ ከደከመ ልጅ ይይላችሁ። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ልኩም ከ70 በታች ከሆነ፣ ያኔ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። የዚያን ሰዓት መድኃኒቱ እሱ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ማኅበራችን አንድ መለኪያና የመለኪያውን ወረቀት ቢያገኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌ እየተጠቀመ አባላትን በወር አንድ ቀን የሚለካ ባለሙያ ልንጋብዝ እንችላለን። ደብተሩን እኔ በነፃ እይዛለሁ።

እናቴ ዛሬም አብሽ ትጠጣለች፤ ሲስተሯም ታውቃለች። አስቀድማ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ከዚያ አብሿን ትጠጣለች፣ እኔም ሁለቱንም በየዓምዳቸው እጽፋለሁ።