የአሮጌ ላንድሮቨር ሻንሲ፦ መቼ ይጠገናል፣ መቼ ይቀየራል?

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር፣ አሰላ



በዚህ ሥልጠና ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ዋግ በሽታና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ብዙ ሰምታችኋል። እኔ ይዤው የቀረብኩት ርዕስ ከእርሻ ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ስገባ በግቢው በር ላይ የቆሙትን መኪናዎች ጎንበስ እያልኩ አይቻቸዋለሁ። የአንደኛው ላንድሮቨር የኋላ አግዳሚ ብረት በሽቦ ታስሯል። የማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ባለቤቱ ራሱን ያውቃል።

ያ መኪና ከዲገሉና ጢጆ ወይም ከሌሙና ቢልቢሎ ቀበሌዎች የቢራ ገብስ ጭኖ ይወርዳል፤ ማዳበሪያ ጭኖ ይወጣል። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖር ቀበሌው የሚያንኳኳው የባለመኪናውን በር ነው። ስለዚህ ስለ ሻንሲ ስናወራ ስለ ብረት ብቻ አይደለም የምናወራው፤ ከላዩ ስለሚቀመጠው ሰው ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ይህ መኪና ለምን እንደሚያታልል ልንገራችሁ። ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ነው። ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ስለነበረ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ የመኪናውን ቦዲ አብዛኛውን ክፍል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ከሥር የሚሸከመውን ሻንሲ ግን ጠፍጣፋ የብረት ላሜራ ቆርጠው፣ አራቱን ጎን በብየዳ ገጥመው፣ እንደ ረጅም ሣጥን አደረጉት። የላሜራው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሉሚኒየሙ አይዝግም፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቶም ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል። ሻንሲው ግን ውስጡ ባዶ ሣጥን ስለሆነ ውኃና ጭቃ ከገባበት የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከላይ ሲያዩት ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሚባለው ዓይነት ነው። ገበያ ላይ መኪና የምትገዙ ሰዎች ቀለሙን አይታችሁ ዋጋ አትቁረጡ የምለው ለዚህ ነው።

በአውሮፓ ሻንሲ የሚበላው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ነው። የእኛ መንገድ ላይ ማንም ጨው አይበትንም። ታዲያ በአርሲ ደጋ ሻንሲው ለምን ይበሰብሳል? መልሱ በእጃችን ያለ ነው፦ ማዳበሪያው ራሱ እንደ ጨው ይሠራል። ዩሪያም ኤንፒኤስም ከአየር እርጥበት ይስባሉ። ከተቀደደ ጆንያ የሚንጠባጠበው እህል የሚመስል ፍሬ በወለሉ ስንጥቅ ወርዶ ሻንሲው ላይ ያርፋል፤ እዚያ ካለው ጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ይሟሟል። ጨው ያለበት እርጥበት ደግሞ ከንጹሕ ውኃ ይልቅ ብረትን በፍጥነት ያዝጋል። የበጎችና የጥጆች ሽንት፣ ለከብት የምትወስዱት ጨው፣ የፈሰሰ የአረም መድኃኒትም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ላይ ክረምት ሙሉ የማይደርቀው ጥቁር አፈር አለ። ኮቲቻ አንዴ ከባሌስትራው ማንጠልጠያ በላይ ከተጠቀጠቀ እስከ ኅዳር እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እርጥብ ጨርቅ በብረት ላይ ጠቅልሎ እንደ ማሳደር ማለት ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። መጀመሪያ እጠቡት፤ ጭቃ ያለበትን ሻንሲ መመርመር ልብስ ያልወለቀ በሽተኛን እንደ መመርመር ነው። ሲደርቅ ትንሽ መዶሻና ሹል ካቻቢቴ ይዛችሁ ከሥሩ ግቡ። ደህና ብረት ሲመታ ይጮኻል፣ መዶሻውንም ያነጥራል። የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም የዛገ ቅርፊት ከውስጥ ሲራገፍ ይሰማል። ካቻቢቴው ገብቶ ከቀረ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከሁሉ ቀድመው የሚበሉትን ቦታዎች ልጥቀስ። አንደኛው የኋላው አግዳሚ ነው፤ ጎማው ጭቃ የሚወረውረው ወደዚያ ነው። ቀጥሎ ከዋናው ሻንሲ ወደ ጎን ወጥተው ቦዲውን የሚሸከሙት ክንዶች፣ በተለይም ከፊት በሮች ሥር ያሉት ናቸው። ከዚያ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹ ዙሪያ፣ ከነዳጅ ታንኩ በላይ እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ፊት ለፊት ባሌስትራው የሚታሰርባቸው የሻንሲው ሁለት ጫፎች። የፊተኛውን አግዳሚም አትርሱ፤ የመሪው ማስተላለፊያ በውስጡ አልፎ ነው የሚቆመው። እዚያ አግዳሚው ከላላ መሪው ላላ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አርሶ አደር ሻንሲው እንዳይዝግ ምን ልቀባው ብሎ ጠየቀኝ። ካትራሜ ቀባው አልኩት። እሱም አምኖኝ በደንብ ቀባው፤ ከሥሩ የነበረውን ዝገትና ጭቃ ግን አላነሳም፤ እኔም አንሣ አላልኩትም። ካትራሜው እርጥበቱን ከውስጥ ቆለፈበት። ከላይ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ስለነበረ ማንም አልጠረጠረም። ሁለት ክረምት አልፎ በሦስተኛው፣ ድንች ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላው ባሌስትራ ማንጠልጠያ ከነሥሩ ተገንጥሎ አክስሉ ወደ ኋላ ሸሸ። መኪናው ወደ ዳገቱ ተደግፎ ስለቆመ ሰው አልሞተም። በሌላው በኩል ገደል ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ምን ልቀባ ሲለኝ በመጀመሪያ ምን ፋቅህ ነው የምለው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ዝገትም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ጉዳቱ በጎን ክንዶቹና በኋላው አግዳሚ ላይ ብቻ ከሆነ ይጠገናል፤ እነዚህ ተቆርጠው በአዲስ የሚተኩ ክፍሎች ናቸው። ሁለቱ ዋና ረጃጅም ብረቶች በአንድ ወይም በሁለት ቦታ የእጅ መዳፍ ያህል ብቻ ከተበሉና ዙሪያቸው ደህና ብረት ካለም ይጠገናል። ነገር ግን ዋናው ብረት በባሌስትራ ማንጠልጠያው አካባቢ ከተበላ፣ ከካምቢዮው በታች ያለው አግዳሚም ከተነካ፣ ከዚህ በፊት የተለጠፈው ጥገና ራሱ ከዛገ፣ በጥገና ላይ ጥገና አትጨምሩ። በያጁ አንድ ሜትር በያይዶ ሁለት ሜትር ይከፈታል፤ ገንዘባችሁም በየክረምቱ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ ከኋላው ግማሽ ብቻ ተበልቶ የፊቱ ጤነኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግማሹን መቀየር ይቻላል፤ መገጣጠሚያውን ግን ጎበዝ በያጅ ብቻ ይንካው።

ጥገና ከመረጣችሁ ወቅቱ ከአጨዳና ውቂያ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ነው። መኪናው ሥራ ይፈታል፣ ብረቱም ይደርቃል። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማሳደር አልተሠራም፤ በወፍራም ግንድ ወይም በብረት እግር አስደግፉት። ከመቁረጥ በፊት ከፊት ግራ ማንጠልጠያ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከዚያም በተቃራኒው፣ በሜትር ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ከብየዳው በኋላም እንደገና ለኩ። ይህን ያልለካ በያጅ የሠራው መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል፤ ጎማውንም በአንድ ወገን ይጨርሳል።

የተበላውን ብረት ደህናው ብረት እስኪያበራ ድረስ ቆርጣችሁ ጣሉ። በዛገ ላሜራ ላይ አዲስ ላሜራ መለጠፍ ጥገና አይደለም። መተኪያው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ወፍራም ይሻላል ብሎ 6 ሚሊ የሚለጥፍ አለ፤ ሻንሲ መንገዱ ሲጎረብጥ ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ ወፍራሙ አልታጠፍም ሲል አጠገቡ ያለው ቀጭኑ ይሰነጠቃል። የልጣፉን ማዕዘን ክብ አድርጉት፤ ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመርም አታስገቡ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለዚህ ላሜራ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ በቂ ነው፤ እርጥበት የመታው ኤሌክትሮድ ብየዳውን ስፖንጅ ስለሚያደርገው በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ብየዳው በነጠብጣብ ከተያዘ በኋላ ትንሽ በዚህ፣ ትንሽ በዚያ እየተፈራረቀ ይሞላ፤ በአንድ ወገን ቢሞላ ሙቀቱ ሻንሲውን ያጣምመዋል። ፋብሪካው ከሥር የተዋቸውን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በያጁ ጉድለት መስለውት እንዳይደፍናቸው ቆማችሁ ጠብቁ።

ደኅንነትን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው ስለ ነዳጅ ታንክ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ላንድሮቨሮች ታንኩ ከፊት ወንበር ሥር፣ ከሻንሲው አጠገብ ነው። ባዶ ነው ብላችሁ አትተውት፤ ከሞላው ይልቅ ትነት ብቻ ያለበት ባዶ ታንክ ይፈነዳል። አውርዳችሁ ከሥራው ቦታ አርቁት። የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፤ የፍሬን ቱቦዎቹን አንሡ ወይም ሸፍኑ፤ አሸዋና ውኃ አጠገብ ይኑር። ብረቱ ዚንክ የተነከረ ከሆነ በብየዳው መስመር ዙሪያ ዚንኩ ተፍቆ ይነሣ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። በየጋራዡ ወተት ይጠጣበታል፤ ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ለጭስ ግን መድኃኒቱ ንጹሕ አየር ነው።

መቀየርን በተመለከተ። ላንድሮቨር በብሎን የተገጣጠመ መኪና ስለሆነ ቦዲው ክፍል በክፍል ይወልቃል፤ የኋላውን ሣጥን ጥቂት ጎልማሶች ተጋግዘው ያነሡታል። አስቸጋሪው የዛጉትን ብሎኖች መፍታት ነው። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ናፍጣ አጠጧቸው። በእንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ አዲስ ሻንሲ የሚሠሩ አሉ፤ 450 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቀልጦ ባለ ዚንክ ውስጥ ነክረው ስለሚያወጡት ከውስጥም ከውጭም ይሸፈናል። ዋጋውና የውጭ ምንዛሪው ግን ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም። በእኛ አገር የተለመደው ሞተሩ ከሞተ፣ ሻንሲው ግን ከተረፈ መኪና መግዛት ነው፤ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚያፈላልጉላችሁ ደላሎች አሉ። ከቆላ አካባቢ የመጣውን ምረጡ፤ ደረቅ አየር ያኖረው ሻንሲ በዕድሜ ቢበልጥም ይሻላል። አጭሩንና ረጅሙን አታምታቱ፦ የአጭሩ የሁለት አክስል ርቀት 88 ኢንች፣ የረጅሙ 109 ኢንች ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ጉዳይ አለ። የሻንሲ ቁጥር በሊብሬያችሁ ላይ የተጻፈ የመኪናው መታወቂያ ነው። በአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች ፊት በስተቀኝ፣ ባሌስትራው በሚታሰርበት የሻንሲ ጫፍ አካባቢ ተመትቶ ይገኛል። የቀየራችሁት ሻንሲ የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሻጩን ሊብሬ ከብረቱ ጋር አመሳክሩ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። የድሮውን ቁጥር ቆርጦ በአዲሱ ላይ መበየድ ብልሃት መስሎ የሚመክር መካኒክ አይጠፋም። ቦሎ ሲታደስ ወይም መኪናው ሲሸጥ የሚጠየቀው እሱ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

ተጠግኖም ተቀይሮም እንዲቆይ የሚደረገው ትንሽ ነው። ማዳበሪያ ከመጫናችሁ በፊት ወለሉ ላይ ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ ስታወርዱ ሸራውን አራግፉ። በዚያው ዕለት ሻንሲውን በውኃ እጠቡ፤ ከክረምት በኋላም ከማንጠልጠያዎቹ በላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት አውጡ። የተፋቀ ብረት በሽቦ ብሩሽ ጠርቶ፣ የአርሲ ጤዛ ከረገፈ በኋላ በቀትር ጸሐይ አንቲረስት ይቀባ። ለሣጥኑ ውስጥ ግን ቀለም አይደርስም። የተቃጠለ ዘይት በቀዳዳዎቹ በኩል መርጨት የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል፤ ነገር ግን ጎማ ነክ ነገሮችንና ፍሬኑን ይጎዳል፤ ከማሳና ከምንጭ አጠገብም እንዳታደርጉት። ጭነትንም በልክ አድርጉ። ሲሠራ አጭሩ ወደ 4 ኩንታል ተኩል፣ ረጅሙ ወደ 8 ኩንታል እንዲጭን ነው የታሰበው። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ብረት ደርባችሁ 15 ኩንታል ስትጭኑ ባሌስትራው ይችለዋል፤ ባሌስትራው ያልዋጠውን ድንጋጤ የሚቀበለው ሻንሲው ነው። ለትራክተር ተጎታቻችሁም ይኸው ይሠራል።

ከምሳ በኋላ ወደ ግቢው እንወጣለን። አንድ ላንድሮቨር ታጥቦ በግንድ ላይ ተነሥቶ ይጠብቀናል፤ ባለቤቱ ፈቅደዋል። ሁላችሁም በየተራ ከሥሩ እየገባችሁ ትመታላችሁ፤ ደህናውና የተበላው የሚሰጡትን ድምፅ በጆሯችሁ ትለያላችሁ። ከዚያ በሽቦ የታሰረውን እናያለን፤ ባለቤቱ ቁልፉን ለእኔ ይስጠኝ።