የተጻፈ ይገኛል፦ የአነስተኛ ነጋዴ ድረ ገጽና የመፈለጊያዎች አሠራር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)



«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአበው ብሂል ደጅ ለሚጠና ባለ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ዛሬ ግን ድረ ገጽ አሠርቶ ገዢ ለሚጠብቅ አነስተኛ ነጋዴም እጅግ ይስማማዋል። ብዙ ነጋዴ ለድረ ገጽ ሥራ ከመነሻ ገንዘቡ ቀንሶ ይከፍላል። ገጹ ያምራል፤ ፎቶግራፉም ያበራል፤ ነገር ግን ገጹ አይናገርም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ሰው ይመጣና «በጉግል አንደኛ እናወጣሃለን» የሚል ውል ያቀርብለታል። ነጋዴውም ውሉን ይዞ የሚሄደው የሒሳብ መዝገቡን ወደሚይዝለት ባለሙያ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» የዚህ ንግግር ዓላማም የማኅበሩ አባል ለዚህ ጥያቄ በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ምክር ይሰጥ ዘንድ የሚያስፈልገውን መሠረታዊ ነገር ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ የመፈለጊያን አሠራር መመልከት ይገባል። እንደ ጉግልና ቢንግ ያሉ መፈለጊያዎች ሦስት ተግባራት አሏቸው። አንደኛ፣ ለቃሚ ፕሮግራሞቻቸው ከገጽ ወደ ገጽ ሊንክ እየተከተሉ ያገኙትን ያነባሉ። ሁለተኛ፣ ያነበቡትን በማውጫ ያሰፍራሉ፤ ይህም እንደ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ያለ ነው። ሦስተኛ፣ ጠያቂ በመጣ ጊዜ ለጥያቄው ይስማማሉ ያሏቸውን ገጾች ከማውጫው አውጥተው በተራ ያሰልፋሉ። በ1998 የተቋቋመው ጉግል ከቀደምቶቹ የተለየው መሥራቾቹ ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን አንድን ገጽ በሚጠቁሙት በሌሎች ገጾች ብዛትና ክብደት የሚመዝን ዘዴ ይዘው በመምጣታቸው ነበር። ይህም የምስክሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ማንነቱም ታይቶ እንደሚሰጥ ፍርድ ነው። ዛሬ በሚዛኑ ላይ ብዙ ሌሎች ነገሮች ተጨምረዋል፤ እንዲያውም መፈለጊያዎቹ የገጾችን ዝርዝር ከማቅረብ አልፈው የተቀነባበረ መልስ መስጠት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ይህም መልስ ቢሆን የሚቀዳው ከተጻፈው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ የሚያሠራ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። የመጀመሪያ ገጹ ርእስ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። የልብሱ ዓይነት፣ ዋጋውና አድራሻው ሁሉ ባማረ የማስታወቂያ ሥዕል ላይ ሰፍሯል። ለሰው ዓይን የጎደለ ነገር የለም። መፈለጊያው ግን በሥዕል ላይ የተሣለውን ፊደል እንደ ተራ ጽሑፍ አንብቦ ይመዘግበዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ርእሱም ቢሆን የሱቁን ሥራ ስለማይናገር የሚፈልገው ገዢ አይኖርም፤ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ልብስ የሚፈልግ ሰው የለምና።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ርእሱ «የሐበሻ ቀሚስና የሙሽራ ልብስ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ» ይሁን። ለሙሽራ ልብስ፣ ለወንድ ልብስና ለልጆች ልብስ የየራሳቸው ገጽ፣ ለየገጹም የራሱ ርእስ ይኑረው። ስለ ሸማው፣ ስለ ጥበቡ፣ ልብሱ ተሰፍቶ ስለሚያልቅበት ጊዜና ወደ ውጭ አገር ስለ መላኩ፣ ገዢው በስልክ የሚጠይቀው ሁሉ በግልጽ ፊደል ይጻፍ። በየፎቶግራፉም ሥር አጭር መግለጫ ይግባ። ፎቶግራፉ ከብዶ ገጹን እንዳያዘገየው መጠኑ ይቀነስ፤ ብዙው ገዢ ገጹን የሚከፍተው በስልኩ ነውና።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሰሌዳ ላይ የሰፈረው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ልዩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ያ ችግር በአብዛኛው ቢወገድም የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ አለ። አንባቢ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሲያይ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ በዩኒኮድ ሰሌዳ ግን ቁጥሮቻቸው 4608፣ 4624 እና 4736 ናቸው። ስለዚህ «ሐበሻ»፣ «ሀበሻ»ና «አበሻ» ለኮምፒዩተር ሦስት ቃላት ናቸው። መፈለጊያው አንዳንድ ጊዜ ሊያዛምዳቸው ይችል ይሆናል፤ ነጋዴው ግን ገበያውን በዚህ ተስፋ ላይ መጣል የለበትም። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለች ገዢም ቃሉን በላቲን ፊደል ልትጽፈው ትችላለች፤ በውጭ አገር የተወለዱ ብዙ ልጆች ቋንቋውን ቢሰሙም ፊደሉን አያነቡም።

እንግዲህ ነጋዴው ደንበኞቹ በምን ቃልና በምን ፊደል እንደሚጽፉ አስቀድሞ ይጠይቅ። አንዱን አጻጻፍ በርእሱ፣ ሌላውን በዐረፍተ ነገር ውስጥ በወጉ ያስገባ፤ ለላቲን ፊደል አንባቢዎችም የተለየ ገጽ ያዘጋጅ። ቃላቱን እንደ ጭድ መከመር ግን መፈለጊያዎቹ እንደ ማታለል የሚቆጥሩት ጥፋት ነው።

ስለ አድራሻም አንድ ነገር መባል አለበት። በአዲስ አበባ ሰው ቤት የሚያገኘው በመንገድ ቁጥር ሳይሆን «ከእንትን ፊት ለፊት፣ ከእንትን ጀርባ» በሚል ምልክት ነው። ይህም አነጋገር በገጹ ላይ እንዳለ ይጻፍ። ጉግል ለንግድ ቤቶች በነፃ በሚሰጠው መዝገብ ላይም ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓትና በካርታ ላይ ያለው ቦታ ይሞላ። ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በደረሰኙና በገጹ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ማረጋገጥ ደግሞ ለሒሳብ ባለሙያ አዲስ ልማድ አይደለም።

«ገበያው ሁሉ በቴሌግራም ነው፤ ድረ ገጽ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ቴሌግራም የሚያገለግለው ግን ሱቁን አስቀድሞ ለሚያውቅ ደንበኛ ነው፤ መፈለጊያው የሚያመጣው ሱቁን ከነስሙ የማያውቀውን እንግዳ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። ከመፈለጊያ ጋር የሚደረግ ማታለል የሚያስከትለውን ጉዳት በ2006 የታየው ነገር ያስረዳል። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ጉግል የጀርመኑን የቢ ኤም ደብልዩ ድረ ገጽ ከማውጫው አስወጣው፤ ምክንያቱም ለመፈለጊያው አንድ ነገር፣ ለሰው ሌላ ነገር የሚያሳዩ ገጾች ተገኝተውበት ነበር። ገጾቹ ተወግደው ድርጅቱ በጥቂት ቀናት ተመለሰ። በዓለም የታወቀ ኩባንያ ይህን ይችለዋል፤ የሽሮ ሜዳው ነጋዴ ግን ከማውጫው ቢወጣ መውጣቱን እንኳ የሚነግረው ላይኖር ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ አባል ውሉ በቀረበለት ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይመርምር። አንደኛ፣ ውሉ የአንደኝነት ዋስትና ይሰጣል? አንደኛ ቦታን በዋስትና ሊሰጥ የሚችል ማንም እንደሌለ ጉግል ራሱ በጽሑፍ አስታውቋል፤ የደንቡ ሥራም ውጤቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚወስድ ይገልጻል። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ሥራ በዝርዝር ተጽፏል? «ሊንክ እንገዛለን» የሚል ካለበት የሐሰት ምስክር መግዛት ነውና ይቅር። ሦስተኛ፣ የድረ ገጹ አድራሻ የተመዘገበው በማን ስም ነው? በሠሪው ስም ከሆነ፣ በጠብ ቀን ነጋዴው አድራሻውን፣ ከአድራሻውም ጋር በዓመታት የተከማቹትን ምስክሮች ያጣል። ይህ እንደ ማንኛውም ንብረት በባለቤቱ ስም መዛወር፣ የዓመታዊ እድሳቱም ቀን በመዝገብ መያዝ ይገባዋል።

ለነጋዴው የሚሰጠውም መልስ ከዚህ ይመነጫል። ገጹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሸጥና የት እንደሚገኝ በገዢው ቃል ሳይናገር ለደረጃ ገንዘብ አይከፈል። ይህን ጽፎ ለመጨረስ የሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ የነጋዴው የራሱ ዕውቀትና የጥቂት ቀናት ትጋት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጎድል ነገር ቢኖር፣ ባለሙያ የሚቀጠረው ለታወቀ ሥራ በታወቀ ዋጋ ይሆናል።