«ሆምካሚንግ» እና ወደ ቤት የመመለስ ዕዳ
(በብሌንደን ታውንሺፕ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ይኸውም በዚህ በብሌንደን ታውንሺፕ፣ በጎረቤቱ በዌስተርቪልና በመላው አሜሪካ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች በመጸው የሚያከብሩት «ሆምካሚንግ» የተባለው በዓል ነው። የቃሉ ትርጉም «ወደ ቤት መመለስ» ማለት ነው። እኛም ከቤታችን ርቀን የምንኖር ሰዎች ነንና ይህን ቃል ሰምተን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በዓሉን የጀመርነው እኛ ነን የሚሉ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የ1911ን የእግር ኳስ ጨዋታ ይጠቅሳል። የመጀመሪያው ዓላማ ትምህርታቸውን ጨርሰው የሄዱት ተመልሰው ያሳደጋቸውን ተማሪ ቤት እንዲያዩ ነበር። ኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶችም ወረሱት። አሁን አንድ ሳምንት ሙሉ ይከበራል፤ ሰልፍ አለ፣ ዓርብ ማታ ጨዋታ አለ፣ ንጉሥና ንግሥት በተማሪው ድምፅ ይመረጣሉ፣ በማግሥቱም ዳንስ ይደረጋል።

የዚህን ዘውድ ዋጋ ለማወቅ ከዚሁ ከኮሎምበስ ሁለት ታሪክ ላንሣ። በ1926 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ምርጫ የተሰጠው ድምፅ ከተማሪው ቍጥር በልጦ ተገኘ። በመጨረሻም የግብርና ተማሪዎች ያቀረቧት ሞዲን ኦርምስቢ የተባለች የወተት ላም ንግሥት ተባለች። በሰልፉ ላይ ዞረች፤ ወደ ዳንሱ ግን እንድትገባ አልተፈቀደላትም። በ1960 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማርሊን ኦወንስ የመጀመሪያዋ ጥቁር ንግሥት ሆና ተመረጠች። አባቷ በ1936 በበርሊን አራት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ጄሲ ኦወንስ ነው። እርሱ በዚያ ሲማር በቆዳው ቀለም ምክንያት በግቢው ማደሪያ ቤት መኖር አልተቻለውም ነበር። እንግዲህ የካርቶን ዘውድ ቢሆንም «ይህ ቤት የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ለአንድ ዓመት ለሚመጣው የውጭ አገር ተማሪ ነው። የአሜሪካ ፊልድ ሰርቪስ የተባለው ድርጅት፣ በጦርነት ጊዜ ቍስለኛ ያመላልስ የነበረው፣ ከ1947 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያመጣ በቤተሰብ መካከል ያኖር ጀመር። ተማሪው የሚገባው በነሐሴ ነው። በዓሉ ሲደርስ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ቋንቋውም አልተፈታለትም። ዳንሱ ልብስና ትኬት ይጠይቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ይወራል። ልጁ የኛ ከሆነና የሚጾም ከሆነ ጨዋታው ዓርብ ነው፤ በመቀመጫው ዙሪያ የሚሸጠውም ቋሊማ ነው። ከዚህም በላይ ወሩ የመስቀል ወር ነውና፣ ሌሎቹ እሳት አንድደው ሲጮኹ የርሱ ልብ ከደመራው ዘንድ ይሆናል።

ብዙ ተማሪ ቤቶች እንግዳውን የአገሩን ባንዲራ አስይዘው በሰልፍ ፊት ያቆሙታል። መልካም ነው። ነገር ግን ባንዲራ ማስያዝ አንድ ነገር ነው፤ ከሰልፉ በኋላ «ና፣ ከእኛ ጋር ተቀመጥ» ማለት ሌላ ነገር ነው። በዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለውን ልጅ ፈልገን ማግኘት አለብን። ለተቀበሉት ሰዎች ጾም ምን እንደ ሆነ ብናስረዳ፣ ምስርና ሽሮ ብናቀምሳቸው፣ ለልጁም ብቻውን ወይም ከጓደኞቹ ጋር መሄድ ነውር አለመሆኑን ብንነግረው ትንሽ ሥራ አይደለም።

እኛም በተራችን እንግዳ ተቀብለናል። በ1958 መንግሥታችን ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል መስጠቱን አስታወቀ። ከመጡትም መካከል ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ ይገኝበታል። እነዚህ ልጆች ስለ አፍሪካ ነጻነትና ስለ ተማሪ ማኅበር ብዙ ነገር ይዘውልን መጥተዋል። ስለዚህ እንግዳ ተቀባዩም ከእንግዳው ይማራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አገራችን ከሁሉም የሚሻል ሆምካሚንግ አላት። ጉራጌው ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ በአዲስ አበባና በሌላውም ከተማ ሲደክም ከርሞ፣ ለመስቀል ወደ አባቱ መንደር ይመለሳል። የሚመለሰውም ክትፎ ለመብላት ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ከከተማ ነዋሪው ገንዘብ እያሰባሰበ መንገድና ተማሪ ቤት አሠርቷል። እዚህ የሚመለሰው ሰው ንጉሥ ተብሎ አይጨበጨብለትም፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ።

እኛስ ምን ይዘናል? በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚህ ልጆች የተቀመጡት እኛ በተቀመጥንበት ወንበር ነው። በ1925 የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ዛሬ በሌላ ስም ይጠራል፤ የብዙዎቻችን ተማሪ ቤት ስሙ ተለውጦ፣ ግድግዳው አርጅቶ ይሆናል። ዕዳው ግን ከስሙ ጋር አልተለወጠም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን ያስተማረንን ተማሪ ቤት ስምና የሚጐድለውን ነገር እንጻፍ። የሚቻለው መጽሐፍና የቤተ ሙከራ ዕቃ ይላክ። ገንዘብ የሌለው በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ በስልክ ያስረዳ። ትምህርቱን ጨርሶ መመለስ የሚችል ይመለስ፤ ለጊዜው መመለስ ያልቻለው ደግሞ አለመቻሉን ለዝምታ ምክንያት አያድርገው። ዝርዝሩን የሚይዙ ሦስት ሰዎች ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንድንመርጥ እጠይቃለሁ፤ ድምፁ ግን ከተሰብሳቢው ቍጥር እንዳይበልጥ አደራ።