ወጣት ሯጭን እንዴት እንመዝነው?

(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ አንድ ወጣት ሯጭ ወደፊት የሚደርስበት ደረጃ እንዴት ይመዘናል የሚል ነው። ይህንም የመረጥነው ራሳችን ተሳስተን ስለ ተማርንበት ነው።

ባለፈው ዓመት ጅጅጋ ሄደው የሚሮጡትን ልጆች የመምረጥ ሥራ ለእኛ ለትልልቆቹ ተሰጥቶን ነበር። አንድ ጧት አንድ ጊዜ ብቻ አስሮጥንና የቀደሙትን ሦስቱን ጻፍን። አራተኛ የወጣው ከታናናሾቻችን አንዱ፥ ቀጭን ልጅ ነበር፤ «ገና ሕፃን ነው» ብለን ሳቅንበት። በኋላ ስንጠይቅ ግን ጎሕ ሳይቀድ ከብርካ ውሃ ቀድቶ ፍየሎቹን አጠጥቶ፥ ቁርስም ሳይቀምስ ከገጠር በእግሩ መጥቶ እንደ ሮጠ ተረዳን። ከዚያ ወዲህ በሜዳው አልታየም።

የአንድ ቀን ውጤት እንዴት እንደሚያሳስት ለማወቅ ሩቅ አንሂድ። ከጅጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ገቢሌ የምትባል ከተማ አለች። ዝነኛው ሯጭ ሞ ፋራህ የተወለደው በዚያ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ቋንቋውን በቅጡ ሳያውቅ ትምህርት ቤት ገባ። ልቡ ወደ እግር ኳስ ያደላ ነበር፤ የሩጫ ስጦታውን ያስተዋለለት የስፖርት አስተማሪው አለን ዋትኪንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ ተማሪዎች የአገር አቋራጭ ሩጫ ዘጠነኛ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አንደኛ ሆነ። በኋላም በ2012 በለንደን፥ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ፥ በ5,000ና በ10,000 ሜትር አራት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በዘጠነኛነቱ ተፈርዶበት ቀርቶ ቢሆን ኖሮስ?

የእኛው አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ሰው ነበር። ፍሬ ሁሉ በአንድ ወቅት አይበስልም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ልጁ በአንድ ዓይነት ርቀት ለብዙ ሳምንታት በሰዓት ተለክቶ ይሩጥ፤ ጊዜውም በደብተር ይጻፍ። ከሌላው ጋር ብቻ ሳይሆን ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ይመዘን።

ሁለተኛ፥ ዕድሜና አካል ይታሰብ። በአንድ ክፍል ካሉት አንዱ ቀድሞ ያድጋል፥ ሌላው ይዘገያል። ዛሬ በቁመቱና በጉልበቱ የሚቀድም፥ ሌሎቹ ሲያድጉ ሊቀደም ይችላል።

ሦስተኛ፥ አሯሯጡ ይታይ። ገና ሲነሣ ጉልበቱን ይጨርሳልን? ወይስ ለመጨረሻው ዙር ይቆጥባል? ሲታረም ይሰማልን? ተሸንፎስ በማግስቱ ይመለሳልን?

አራተኛ፥ በልቶና ተኝቶ እንደሆነ ይጠየቅ። አጥንቱ ገና ያልጠና ልጅ ከልክ በላይ አይሩጥ፤ ሲያመው ይረፍ።

የተከበራችሁ ወላጆች! ልጆቻችሁን ወደ ሜዳ ስትልኩ መጽሐፋቸውን አታስጥሏቸው። ለትልቅ ውድድር የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸውና፥ ለማይደርሰው ትምህርቱ ይቀረዋል።

ያን ልጅ ዘንድሮ ፈልገን ይቅርታ ጠየቅነው። እንደ ገና መሮጥ ጀምሯል፤ ወደፊት ምን እንደሚሆን ግን ዛሬ አንፈርድም። ስሙና ጊዜው በደብተሩ ተጽፏል። እኛ በዚህ ዓመት ተሰናብተን ስንሄድ ደብተሩን ለታናናሾቻችን እናስረክባለን፤ በትዕግሥት ይሙሉት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።