በዓባይ በረሃ ድንጋይ ውስጥ ያለው ምስክር



ከቡሬ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ደጀን የሚጓዝ መንገደኛ የሚያየው ቀይ አፈርና ጥቁር ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው። በዚህ ደጋ ላይ ስለ ባሕር የሚያስብ አይገኝም።

ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ግን የምድሩ መልክ ይለወጣል። ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጄሶ ይገኛል። የኖራው ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን አገሩን ሸፍኖት የነበረው ባሕር ዝቃጭ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ይህንኑ ድንጋይ በትግራይ በሚገኘው በአንታሎ ስም ሰይሞታል።

በዚያ ባሕር ከኖሩት ፍጥረታት አንዱ አሞናይት ነው። ዛጎሉ እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ ሲሆን ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። እንስሳው በመጨረሻው ክፍል እየኖረ፣ የቀሩትን በቀጭን ቧንቧ አማካይነት ውኃቸውን እየቀነሰ በአየር ይሞላቸውና በባሕሩ ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመን አገር የተገኘው ፓራፑዞሲያ የተባለው ግዙፍ ዓይነት፣ ከፊሉ ተሰብሮ ሳለ እንኳ 1.74 ሜትር ስፋት ነበረው። የአሞናይት ዘር በሙሉ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል።

ይህ ጉዳይ መሐንዲስን የሚመለከተው ለምንድን ነው? እያንዳንዱ የአሞናይት ዓይነት የኖረው ለአጭር ዘመን፣ የተሠራጨውም በሰፊ ባሕር ስለሆነ፣ የተገኘበትን ንጣፍ ዕድሜ እንደ ማኅተም ይመሰክራል። በደጀን ወገንና በጎሐ ጽዮን ወገን ያሉ ንጣፎች አንድ መሆናቸውን፣ ምድሩ የት ተሰንጥቆ ስንት ሜትር እንደ ወረደ ለማወቅ ይረዳል። የመሬት መንሸራተት በሚያስቸግረው በዚያ ቁልቁለት መንገድ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ዕውቀት ትርፍ ነገር አይደለም።

በበረሃው ከሌሎች ዛጎሎች ይልቅ አሞናይት ብርቅ ነው። በወፍጮ ተፈጭቶ ጠጠር ከሆነ በኋላ የሚመልሰው የለም። ከንጣፉ ተነጥሎ ለጌጥ የተወሰደውም ምስክርነቱን አጥቷል። ስለዚህ መንገድ የሚቆርጥ ወይም ድንጋይ የሚያስፈልጥ መሐንዲስ፣ ጥምዝ ዛጎል ባየ ጊዜ ሥራውን ለጥቂት ሰዓት ገታ አድርጎ ሥፍራውን፣ ከፍታውንና ንጣፉን ይመዝግብ፤ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ለሥነ ምድር ባለሙያም ያስታውቅ። ድንጋዩን ለመፍለጥ ሥልጣን የተሰጠው ሰው፣ ከመፍለጡ በፊት ሊያነበው ይገባል።