ሰው ያጣው የጣና ዳርቻ

እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። ጣና ለይፋግ ሰው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤት ስለ ሆነም ይመስላል፥ ብዙዎቻችን ደሴቶቹን ሳናይ የምንኖረው። እኔም በስተርጅና ለማየት የተነሣሁት በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ሆነ፤ ይኸውም እንደምታስታውሱት ዓለም ሁሉ በሩን የዘጋበት ዘመን ነበር።

የኮሮና በሽታ ባገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነው። በዚያው ወር ባሕር ዳር ከእንጅባራ፥ ከአዲስ ቅዳምና ከጥሊሊ ጋራ ለ14 ቀን እንድትዘጋ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እኔ በወረታና በሐሙሲት በኩል ስጓዝ አውቶቡሱ ግማሽ ሰው ብቻ ይጭን ነበር፤ ኪሳችን ግን የሁለት ሰው ከፈለ።

ከጀልባዎቹ ማረፊያ ስደርስ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው፥ የውጭ አገር ጎብኚና አስጎብኚ ይተራመስበት የነበረው ያ ሐይቅ ዝም ብሏል። ጀልባዎቹ በየገመዳቸው ታስረው እርስ በርሳቸው ይላተማሉ። ርቆ ከሚታይ አንድ የደንገል ታንኳ በቀር በውሃው ላይ የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ ጀልባ ነጂ በጀልባቸው ጠርዝ ተቀምጠው አገኘሁ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ፤ ዘጌ ያደርሱኛል?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ ከመጋቢት ወዲህ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። ነገር ግን አላደርስህም» አሉኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ገበያ ያጣ ሰው እንጀራውን ሲገፋ አይቼ አላውቅምና ምክንያቱን ጠየቅሁ።

«በኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት አባቶች ያረጁ ናቸው። አንተ ሳታውቅ፥ እኔም ሳላውቅ፥ በሽታውን አሻግሬ ባገባባቸው ምን እመልሳለሁ?»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ጊዜ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ከእሳት የዳነው ወደ ጣና ደሴቶች ተሻግሮ ነው። ያን ጊዜ ውሃው ራሱ አጥር ሆነ፤ ዛሬ ግን የአጥሩ በር በኒህ ሽማግሌ እጅ ነበር።

ስለ ደከሙልኝ ብዬ ጥቂት ብር ባወጣ፥ «ላልሄድንበት መንገድ ዋጋ አልቀበልም» ብለው እጄን መለሱት። «ይልቅስ ይህ ክፉ ቀን ሲያልፍ ና። ፈረንጁን ተከትለህ አይደለም፤ ቀድመኸው ና» አሉኝ። ከዚያም ሌሊት የዘነበው ዝናብ በጀልባቸው ያጠራቀመውን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ይደፉ ጀመር።